መንገድ ሁሉ ያወቀው መርዶ

ይቅርታ አድርጉልኝ፤ እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካደግሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ማመልከቻ እንኳ ሲያስፈልገኝ ለሰው አስጽፌ ነው የኖርኩት። ስለ ገብረየስ የሚጻፍ ካለ የተማረ ሰው ይጻፈው ብዬ ብዙ ጠበቅሁ። የሚጽፍ አልመጣም። እሱም አፈር ከቀመሰ ዓመት አለፈው። በመጨረሻ ዘመኑ እዚሁ ሀዋሳ ውኃ በቦቴ ሲያመላልስ፣ ልጆቹን ሲያሳድግ፣ እናቱን ሲጦር የሰፈሩ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ያንን እኔ አልነግራችሁም። የምጽፈው እሱ ራሱ ቁጭ ብሎ ያጫወተኝን፣ ከጓደኛው ከጠሀም የሰማሁትን፣ ከጅቡቲ የተመለሰበትን የዚያን ጊዜ ነገር ነው። የተሳሳተ ካለ ስህተቱ የኔ ነው።

ገብረየስ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ቤቱ ሀዋሳ፣ ከሐይቅ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ፤ ኑሮው ግን መንገድ ላይ። ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረት፣ ያገኘውን ጭኖ ከጅቡቲ ይመጣል፤ አራግፎ፣ አንድ ሁለት ቀን ከልጆቹ ጋር ውሎ ተመልሶ ይሄዳል። ልጆቹ እሱ የመጣ ቀን ፊታቸውን ታጥበው፣ ጫማ አድርገው ሶፋው ላይ በሥርዓት ይቀመጣሉ። «እንግዳ መጣ እንዴ?» እያለ ይስቅባቸዋል። ሲስቅ ግን ሆዱ ቅር ይለዋል፤ እውነትም እንግዳ ነበርና።

ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው ሚስቱ ዕፀገነት ናት። ፒያሳ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥራ ትሸጣለች፤ ማታ ገብታ ልጆቹን ታስጠናለች፤ ከዚያ ደግሞ የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን አማቷን እማማ ሽታዬን ታገላብጣለች፣ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። ገብረየስ እናቱን ከመንዝ ያመጣቸው ሊጦራቸው ነበር፤ የጦረቻቸው ግን እሷ ናት። ከሾፌር ጋር ስትኖር ለራሷ ያወጣችው ሕግም ነበራት፤ መሪ ለያዘ ሰው ክፉ ነገር አይነገርም። ልጅ ቢታመም፣ ጣራ ቢያፈስ፣ እሱ ሲደውል መልሷ አንድ ነው፤ «ሁላችንም ደህና ነን፤ አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ።» ስለዚህ ገብረየስ ከቃሏ ይልቅ ድምጿን ነበር የሚያዳምጠው።

አንድ ነገር ያብከነክነው ነበር። ቤቱ ውስጥ ነገር ሲመጣ እሱ ሁልጊዜ የለም። አባቱ ሲቀበሩ ሚሌ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ቆሞ ነበር። ትልቋ ልጁ ትንሣኤ ስትወለድ ወደብ ላይ ወረፋ ይጠብቃል። ሁሉንም ከመጣ በኋላ ነው የሚሰማው፣ እንደ ጎረቤት ወሬ። እናቱን የዚያን ዓመት ሕመሙ ከበድ ሲልባቸው፣ የእሳቸው ሞት ብቻ እንዳያመልጠው ተሳለ። ያን ጊዜ ሊሄድ ሲነሣም በር ላይ ቆመ።

«እናቴን ያለ እኔ እንዳትቀብሪያት» አላት ዕፀገነትን።

«ሞት የሾፌር ወረፋ ይጠብቃል እንዴ?» ብላ ሳቀችበት። ከዚያ ፊቱን ስታየው ሳቋን ተወችና፣ «ሂድ በቃ። እኔ አለሁላቸው» አለችው።

የሞተችው ግን እሷ ናት።

እሱ ወደብ ላይ ማዳበሪያ ሲያስጭን፣ ዕፀገነት ከሱቁ ወጥታ ራሴን አመመኝ ብላ ባጃጅ ተሳፈረች። ባለባጃጁ አልአዛር የሚባል ሰው ነው፤ አያውቃትም። በመስተዋቱ ሲያያት ዘንበል ስትል ጊዜ ወደ ቤቷ መውሰዱን ትቶ ወደ ሆስፒታል በረረ። አልተመለሰችም። የደም ግፊት ነው አሉ። በማግሥቱ ተቀበረች።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ደረሰ ነው። የሲዳማ ሰው ነው፤ ዕፀገነት ኦርቶዶክስ እሱ ጴንጤ ቢሆንም ሁለቱ ቤት አጥር እንጂ ሌላ የሚለየው አልነበረም። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ባሏን እንዴት እናድርገው የሚል ነገር ተነሣ። አንዱ ይደወልለት አለ። ደረሰ ተቆጣ። ያን ሁሉ ጭነት ይዞ በረሃ ላይ ላለ ሰው ነው ወይ የምትነግሩት፣ ሁለተኛ ሬሳ ፈለጋችሁ ወይ አለ። መርዶ በደንቡ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው የሚነገር ተባለና ተስማሙ። ለመኪናው ባለቤት ተነገረው። ባለቤቱ ለጠሀ ደወለ፤ ጠሀ ከገብረየስ ጋር አብሮ ያረጀ ሾፌር ነው፣ ያን ጊዜም እዚያው ወደብ ላይ ነበር። ጠሀ በመንገዱ ላሉት አንድ በአንድ እየደወለ አፋችሁን ያዙ አለ። እንግዲህ ገብረየስ ገላፊን ተሻግሮ አገሩ ሲገባ፣ ከዚያ እስከ ሀዋሳ ያለው መንገድ ሁሉ አውቋል። ያላወቀ እሱ ብቻ ነው።

ኔትወርክ እንዳገኘ ቤቱ ደወለ። ያነሣው ደረሰ ነው። ገብረየስ ደነገጠ፤ የዕፀገነትን ስልክ አንተ ለምን አነሣህ አለው። ደረሰ ለዚህ ተዘጋጅቶበታል። ስልኳን ቻርጅ ላይ ትታ ገበያ ወጥታለች፣ እኔ ለእናትህ መድኃኒት ላደርስ ገብቼ ነው አለ፤ አንዴም አልተደናቀፈ።

«እናቴስ?» አለ ገብረየስ።

ለዚህኛው ደረሰ አልተዘጋጀም። ስለ እሳቸው ይጠይቀኛል ብሎ ጭራሽ አላሰበም።  ቆይቶ፣ «እሳቸው… ደህና ናቸው። ምንም አልሆኑም» አለ።

ደረሰ ዕፀገነት ገበያ ወጥታለች ብሎ ሲዋሽ ገብረየስ አመነው፤ እናቱን ደህና ናቸው ብሎ እውነቱን ሲነግረው አላመነውም። ስልኩን ዘጋና መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ። እናቴ ሞታለች አለ በልቡ። ይኸው አመለጠችኝ።

እንዳወቀ ግን ለማንም ሊናገር አልፈለገም። የመንገዱን ልማድ ያውቀዋል። መርዶ የሰማን ሾፌር መሪ አያስይዙትም፤ ቁልፉን ተቀብለው በሰው መኪና ከማያውቀው ሰው መሃል አስቀምጠው ይሰዱታል። እሱ ደግሞ ሐዘኑን በገዛ ጋቢናው፣ ብቻውን ሊያዝን ፈለገ። ስለዚህ ምንም እንዳልሰማ ሰው መንዳቱን ቀጠለ።

ሎግያ ላይ ከጸሐይወርቅ ምግብ ቤት ቆመ። ይህች ሴት ምላሷ የሾፌር ሁሉ መዝናኛ ነው። ገብረየስ በሩ ላይ ብቅ ሲል ገና፣ «መጣ ደግሞ የዕፀገነት ባል! እስቲ ዛሬ ሥጋ ብላ፣ ለሷ አልነግርብህም» ትለዋለች፤ እሱም «ያንቺን ሥጋ ከምበላ የመኪናዬን ጎማ ብበላ ይሻለኛል» ይላታል፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። የዚያን ዕለት ውኃውን ራሷ ይዛ መጥታ አስታጠበችው። ጥላ ያለበትን ወንበር ሰጠችው። አጠገቡ ቁጭ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ዝንብ ትከላከልለታለች።

«ብላ እንጂ ወንድሜ» አለችው፣ ቀስ ብላ።

ወንድሜ ብላው አታውቅም። ገብረየስ ሳትሰድበው መቅረቷን አስተዋለ፤ ይህችም አውቃለች አለ። የዕፀገነትን ስም አለማንሣቷን ግን አላስተዋለም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ አባበለው። ኬላ ላይ ሁልጊዜ ሸራ ግለጥ እያለ የሚያደርቀው ጥበቃ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳለፈው። ጎማ ሠሪው ወረፋ ያስጠበቃቸውን ትቶ የሱን አስቀደመ። ጠሀም ያው ነው። በሌላ ጊዜ ገብረየስን ቀድሞ ሲያልፍ ጥሩንባውን ያንባርቅና በመስኮት «ኤሊው!» ብሎ ይሰድበዋል። አሁን ከኋላው ተሳቢ ይመስል ተከተለው፤ ሲቆም ይቆማል፣ ሲነሣ ይነሣል። ሰው ለሰው ሲያዝን ደስ ይላል፤ ገብረየስ ግን ያን ያህል ብቸኛ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሁሉም ያዩታል፣ ማንም አያናግረውም።

አዋሽን ካለፈ በኋላ ለእናቱ አለቀሰላቸው። መስኮቱን ዘግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። እማማ ሽታዬ መጀመሪያ መኪና ሲሳፈሩ እንዴት እንደፈሩ፣ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ጊዜ መሪውን እንደ መስቀል ጎንበስ ብለው እንደሳሙት፣ ከመንዝ ሲያመጣቸው መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሳቸው ውለው «ልጄ ይህን ነው በየቀኑ የምትችለው?» ብለው እንዳለቀሱለት፣ ሁሉ መጣበት። እንባው ሲብስበት ደግሞ ሚስቱን ያነጋግራታል። አንቺ አጠገቧ ነበርሽ፤ ዓይኗን የከደንሽ አንቺ ነሽ፤ እኔ ልጇ ያላደረግሁትን አደረግሽላት ይላታል። የሚያጽናናው ይኸው ነበር። ቤት ስደርስ ዕፀገነት አለች ይላል፤ ሁሉን ትነግረኛለች፣ እናቴ በመጨረሻ ምን እንዳለች ትነግረኛለች።

አዳማ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ፣ ጠሀ ሳያየው ወደ ገበያ ገባ። ዕፀገነት ጥቁር ልብስ የላትም። ለቅሶው ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል ለራሷ የምትገዛበት ጊዜ የት አግኝታ? የሰው ተውሳ ለብሳ ይሆናል ብሎ አሰበ። ሻጩ ቁመቷን ሲጠይቀው እጁን ዘርግቶ ከትከሻው በታች፣ «እዚህ ጋ ትደርሳለች» ብሎ አሳየው። ወፍራም ናት ቀጭን ሲባል አፈረ። «እናቴ ሞታብኝ ነው» አለ። መጀመሪያ ከአፉ ያወጣው ለዚያ ለማያውቀው ሰው ነው። ሻጩም ነፍስ ይማር ብሎ ልብሱን በፌስታል አድርጎ ሰጠው።

ሲመለስ ጠሀ መኪናው ጥግ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፌስታሉን አየ። ምንድን ነው ቢለው የልጆች ነገር ነው አለው። ከዚያ አንድ ትሪ ከበው ምሳ በሉ። ጠሀ ያወራል፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ፣ ስለማይረባ ነገር። ገብረየስም አዎ አዎ ይለዋል። አንዱ ሌላው እንዳያውቅበት ይሸሽጋል። ጠሀ በኋላ እንዳጫወተኝ፣ በዕድሜው ሙሉ እንደዚያ ምሳ የከበደ ጭነት ጭኖ አያውቅም።

ሻሸመኔ ሲደርሱ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነው። ሀዋሳ እዚያው አፍንጫ ሥር ናት። ጠሀ ግን ፍሬኔ ሞቋል፣ እዚህ እንደር አለ። ገብረየስ ገባው፤ መርዶ በማለዳ ነው። ሳይከራከር ጋቢናው ውስጥ ተኛ።

ሊነጋጋ ሲል ሀዋሳ ገቡ። ሽማግሌዎቹ ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ ደረሰ ከፊት ነው። ገብረየስ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ፌስታሉን በብብቱ ይዞ ወረደ። ደረሰ ክንዱን ያዘው። ሊናገር አፉን ሲከፍት ገብረየስን አሳዘነው፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የተጨነቀውን ሰው ላሳርፈው አለ።

«አትድከም ደረሰ። አውቄያለሁ። ከገላፊ ጀምሬ አውቄያለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አውቆ ነው ያን ሁሉ መንገድ የነዳው? አንዱ ወንድ ልጅ ማለት ይህ ነው አለ። ሌላው እግዚአብሔር ያጽናህ አለ። ደረሰም ክንዱን እንደያዘ አለቀሰ። እንዲህ ሆነና ስሟን የጠራ ሳይኖር ቀረ። መርዶው እንደታሰበው ተነገረ ተብሎ ወደ ድንኳኑ ይዘውት ገቡ።

ድንኳኑ ውስጥ፣ ከበሩ ትይዩ ፍራሽ ላይ፣ እማማ ሽታዬ ጥቁር ለብሰው ተደግፈው ተቀምጠዋል።

ገብረየስ ቆመ። ከዚያ «እማዬ!» አለ፤ ፊቱ በራ። ይህን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሲነግረኝም መሬት መሬት እያየ ነው። ደስ አለኝ አለኝ። ሰው ሁሉ በዓይኑ እያየ፣ በሚስቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ደስ አለው። ሮጦ ሄዶ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ልጄ፣» አሉት እማማ ሽታዬ ራሱን ይዘው፣ «እኔን የሰለቸሁትን ትቶ እሷን ወሰደብህ።»

ቀና አለ። ከሴቶቹ መሃል ዕፀገነትን ፈለጋት። ትንሣኤን አያት፤ ጎረቤት አቅፋታለች፣ ታናሽ ወንድሟ ጭኗ ላይ ነው። እንደገና ሴቶቹን አንድ በአንድ ከዳር ጀምሮ አያቸው። ፌስታሉ ከብብቱ ወደቀ።

ቀኑን ሙሉ አላለቀሰም። ሰው ይመጣል፣ እሪ ይላል፣ ይቀመጣል፤ እሱ ዓይኑ ደረቅ ነው። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። ገብቶ ሲስቅ አይተውታል፣ አሁን ደግሞ እንባ የለውም። ጠሀ ሰምቶ ሊቆጣ ተነሥቶ ነበር፤ ደረሰ ያዘው።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል እማማ ሽታዬ ልጃቸውን ጠሩት። ፌስታሉን ከፍተው ልብሱን አይተዋል። ልካቸው እንዳልሆነ፣ የማን ልክ እንደሆነም አውቀዋል።

«በመንገድ ለእኔ ነው ያለቀስከው?» አሉት።

«አዎ እማዬ።»

«እንግዲያ የኔ ደርሶኛል። ስሞት እንዳታለቅስ። አሁን የሷን አልቅስ።»

«አልመጣ አለኝ» አላቸው። «አላመንኩም መሰለኝ። ሳስበው እሷ ቤት ውስጥ ሆና እኔን የምትጠብቅ ነው የሚመስለኝ። ማንም ምንም አልነገረኝም።»

ድንኳኑ ጥግ አንድ የማያውቀው ሰው ነበር። ዘመድ አይደለም፣ የእድሩ ሰውም አይደለም፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ እየመጣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ወደ ሆስፒታል የወሰዳት ባለባጃጅ ነው፣ አልአዛር ይባላል አሉት። ገብረየስ ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠና ንገረኝ አለው። ሰዎቹ ዛሬ ይቅርብህ፣ ልብህ ይረፍ ብለው ሊያስተዉት መጡ።

«ተዉኝ እባካችሁ» አላቸው። «አገር ሙሉ እንደ ሕፃን ደብቃችሁብኝ መጣሁ። አንድ ሰው እንኳ ይንገረኝ።»

አልአዛር ወደሱ ጠጋ አለ። ከዚያ ያለችውን ነገረው። ስልክሽን ስጪኝ፣ ለባልሽ ልደውል ብሏት ነበር። ስልኩን ጨብጣ አልሰጥ አለችው። «ሾፌር ነው» አለችው። «እየነዳ ነው። እንዳትነግሩት።»

ገብረየስ ራሱን ነቀነቀ፤ ያውቃል፣ የሷ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ያን ቀን አልጠየቀም።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ለቀስተኛው ሳይሰበሰብ ተነሣ። ትንሣኤን የአያትሽን መድኃኒት እናትሽ እንዴት ነበር የምትሰጣቸው ብሎ ጠየቃት፤ አሳየችው፤ እንዳሳየችው ሰጣቸው። ከዚያ ለማንም ሳይናገር ወጥቶ በእግሩ ፒያሳ ሄደ። አልአዛር ባጃጁን ሲጠርግ አገኘው። ዕፀገነት የምትሠራበት ሱቅ በር ድረስ ወስዶ፣ ከቆመችበት ጀምሮ እሷን በወሰደበት መንገድ እንዲወስደው ለመነው። የት እንደተቀመጠች ጠየቀ፤ በቀኝ በኩል አለው። በቀኝ በኩል ተቀመጠ።

አልአዛር እየነዳ ነገረው። እዚህ ጋ ሞቀኝ አለች። እዚህ ጋ መጋረጃውን ግለጥልኝ አለችኝ፣ ገለጥኩላት። እዚህ ጋ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ደርሰዋል አለች። ገብረየስ መጋረጃውን ራሱ ገለጠ፤ የጠዋት ነፋስ ገባ። ሰው ወደ ሥራው ይሄዳል፣ ሚኒባሶቹ ይጣራሉ።

አደባባዩን ዞረው ትንሽ እንደሄዱ አልአዛር ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እዚህ ጋ ነው ዝም ያለችው» አለው።

«አቁምልኝ» አለ ገብረየስ።

ባጃጁ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ከኋላ ያሉት ጥሩንባ ነፉ፣ አንዱ ሚኒባስ በመስኮት ተሳደበ። አልአዛር ወርዶ እጁን እያወዛወዘ በጎን እንዲያልፉ አደረጋቸው። ገብረየስ ባዶውን የግራ ወንበር በእጁ ይዞ አለቀሰ፤ ብዙ አለቀሰ። አልአዛር ተመልሶ መሪውን ሲይዝ ገብረየስ በጋቢው ጫፍ ፊቱን ጠረገ።

«እሺ» አለው፤ «አሁን እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ውሰደኝ።»